ዶሮ ወጥ ላይ አይፒኤ አይከፈትም

ጥያቄው ከሜሪላንድ ነው የመጣው። ረዘም ያለ ስለነበር አሳጥሬዋለሁ፦

«ወንድሜ ከኮሌጅ ሊመረቅ ነው። ቤቴ አሥራ ሁለት ሰው ጠርቻለሁ። ምግቡ የሐበሻ ነው፤ ዶሮ ወጥ፣ ክትፎ፣ ጥብስ፣ ለሚጾሙት ደግሞ በያይነቱ። ከተለመደው ወጣ ብዬ የክራፍት ቢራ ቅምሻ ላድርገው አልኩና ሦስት ዓይነት ገዛሁ። አንደኛው በቅናሽ ያገኘሁት፣ አልኮሉ 7 በመቶ የሆነ አይፒኤ ነው። ሁለተኛው 11 በመቶ የሆነ ጥቁር ኢምፔሪያል ስታውት፣ ሦስተኛው 4.8 በመቶ የሆነ ጎዜ የሚባል ኮምጣጣ ቢራ። የሥራ ባልደረባዬ ‹ለሚያቃጥል ምግብ አይፒኤን የሚያህል የለም› ስላለኝ በቀደም ከዶሮ ወጥ ጋር ሞከርኩት። አፌ ነደደ። ቢራውም እሬት እሬት አለኝ። ክራፍት ቢራ ከእኛ ምግብ ጋር አይሄድም ማለት ነው? ደግሞስ ሲቀመስ እንደ ወይን ይተፋል ወይስ ይዋጣል?»

ክራፍት ቢራ፣ ማለትም የትንንሽ ጠማቂዎች ቢራ፣ ከእኛ ምግብ ጋር ይሄዳል። የማይሄደው አይፒኤ፣ ማለትም «ኢንዲያ ፔል ኤል» የሚባለው መራራ ቢራ፣ ከበርበሬ ጋር ነው። የባልደረባዎ ምክር አሜሪካ ውስጥ በየመጠጥ ቤቱ ሲደጋገም የሚሰማ ነው፤ ሰው ሳያጣራ ይቀባበለዋል።

የበርበሬ ማቃጠል እንደ ጨው ወይም እንደ ስኳር ያለ ጣዕም አይደለም። የሙቀት ስሜት ነው። በርበሬ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን የተባለ ንጥረ ነገር፣ ትኩስ ነገር ሲነካን የሚነቃውን ተቀባይ አፋችን ውስጥ ይቀሰቅሰዋል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ዴቪድ ጁሊየስ ከባልደረቦቹ ጋር ይህን ተቀባይ እ.ኤ.አ. በ1997 ለይቶ አውጥቷል። በ2021 የኖቤልን ሽልማት የተጋራውም በዚሁ ሥራ ነው። ተቀባዩ በተለምዶ የሚነቃው ሙቀቱ 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ነው። አልኮል ሲነካው ግን 34 ዲግሪ አካባቢ ላይ መንቃት ይጀምራል። የአፋችን ሙቀት ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። አረቄ የሚያቃጥለው ለዚህ ነው። አልኮል በርበሬ የነካው ምላስ ላይ ሲያርፍማ ይብሳል።

አልኮሉ ብቻ አይደለም። የቢራው ጋዝ በራሱ ቆንጠጥ ያደርጋል፤ በበርበሬ የተቆጣ አፍ ላይ ደግሞ ቁንጥጫው ይከርራል። ከዚያ መራራነቱ አለ። ቢራን የሚያመረው ሆፕ የተባለ ተክል ነው፤ መራራነቱ ከዋጡት በኋላ ይቆያል፤ የበርበሬ ቃጠሎም እንዲሁ። ሁለቱ ሲደራረቡ አፍ የትኛው የቱ እንደሆነ መለየት ያቅተዋል። መራራነት አይቢዩ በሚባል መለኪያ ይለካል። የአሜሪካ አይፒኤ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 70 ይሆናል። የሙኒክ ጥቁር ላገር (በቅዝቃዜ የሚብላላ ቢራ) ከ18 እስከ 28፣ የጀርመን የስንዴ ቢራ ከ8 እስከ 15 ነው። እርስዎ የከፈቱት አልኮሉም ጋዙም መራራነቱም ያለበት ነበር። በእሳት ላይ ቤንዚን ነው ያርከፈከፉት።

«ቢራ ቃጠሎ ያበርዳል» የሚለውም እምነት መታረም አለበት። ቀዝቃዛ ቢራ ለጥቂት ሰከንድ እፎይ ያሰኛል። ያ የቅዝቃዜው ሥራ ነው። ካፕሳይሲን በቅባትና በጠንካራ አልኮል ይሟሟል፤ በውሃ ግን አይሟሟም። 5 በመቶ ቢራ ከሞላ ጎደል ውሃ ስለሆነ አጥቦ አይወስደውም። በትክክል የሚያበርደው አይብ ነው። የወተት ፕሮቲን ካፕሳይሲኑን ይዞት ይሄዳል። ዶሮ ወጥ አጠገብ አይብ የሚቀርበው ለጌጥ አይደለም። ከቢራ የምንጠብቀው ሌላ ነገር ነው፦ ቃጠሎውን እንዳያባብስ፣ ከተቻለም በብቅሉ ጣፋጭነት እንዲያለዝበው። ጣፋጭነት ቃጠሎን ያለዝባል። ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

የባልደረባዎ ምክር ከየት መጣ? ግማሹ ምክንያት ስሙ ውስጥ ያለችው ህንድ ትመስለኛለች። ቢራው ግን ለህንድ ቅመም ታስቦ አልተጠመቀም። መጀመሪያ የለንደኑ የሆጅሰን ቢራ ጠመቃ፣ እ.ኤ.አ. ከ1820ዎቹ ጀምሮ ደግሞ የበርተን ከተማ ጠማቂዎች፣ ህንድ ለሚኖሩ እንግሊዞች በመርከብ የሚልኩት ቢራ ነበር። ሌላው ግማሽ ምክንያት ሐቀኛ ነው፦ አንዳንድ ሰው ቃጠሎ ሲብስለት ደስ ይለዋል። ሚጥሚጣ ላይ ቃሪያ የሚጨምሩ ዘመዶች ያሉን ሰዎች ይህን እናውቃለን። እንዲህ ያለ እንግዳ ካለዎት አይፒኤውን ከዶሮ ወጥ ጋር ይስጡት፤ ያመሰግንዎታል። ለአሥራ ሁለት ሰው ግን አይሆንም።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «ጠላስ? ገሾ አይመርም እንዴ? ከወጥ ጋር ስንጠጣው አይደል የኖርነው?» ሊል ይችላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ገሾ ይመራል፤ ነገር ግን በደንብ የተጠመቀ ጠላ ላይ ልኩን አያልፍም። ጋዙ ለስላሳ ነው፤ የታሸገ ቢራ ያህል አይቆነጥጥም። ፊልተር የሚባለውን ጠንካራ ጠላ ካልቆጠርነው አልኮሉም ከተራ ቢራ ብዙም አይበልጥም። በላዩ ላይ ደግሞ የተቆላው እህልና የወይራው ጭስ አሉ። ስለዚህ ጠላ የእኔን ክርክር አያፈርስም፤ እንዲያውም ያጠናክረዋል። አሜሪካኖቹም ገሾን አላጡትም፤ ዶግፊሽ ሄድ የተባለው የዴላዌር ጠማቂ እ.ኤ.አ. በ2010 ገሾና ማር የገባበት ጥቁር ቢራ አውጥቶ ነበር።

አሁን ወደ ምርጫው። የዶሮ ወጥ ዋና ነገር በርበሬው ይመስለናል። እኔ ሽንኩርቱ ነው እላለሁ። ሰዓታት የፈጀ፣ ቀልጦ ቡናማ የሆነ፣ የሚጣፍጥ ሽንኩርት። ይህን ጣዕም የሚመስል ነገር ቢራ ውስጥ ካለ እሱ ብቅሉ ነው። ብቅል ሲደርቅና ሲጠበስ ልክ እንደ ዳቦ ቅርፊትና እንደቀላ ሽንኩርት ያለ ጣዕም ያወጣል። ስለዚህ ለዶሮ ወጥ የምፈልገው ቡናማ፣ ብቅሉ የበዛ፣ መራራነቱ ዝቅ ያለ፣ አልኮሉም ከ6 በመቶ የማይበልጥ ላገር ነው። የሙኒክ ዱንክል ወይም ሜርትሰን የሚባሉት ይህን ያሟላሉ። በእርስዎ አካባቢ የአዪንገር ዱንክል (5 በመቶ) ወይም የዚያው ቤት የኦክቶበርፌስት ሜርትሰን (5.8 በመቶ) ሻል ባሉ የመጠጥ መደብሮች ይገኛሉ። ካጡ ሞዴሎ ኔግራ ይግዙ። ክራፍት አይደለም፤ የትልቅ ፋብሪካ ምርት ነው። ከዶሮ ወጥ ጋር ግን በቅናሽ ከገዙት አይፒኤ በብዙ እጥፍ ይሻላል። ቢራ ክራፍት ስለሆነ ብቻ ከምግብ ጋር አይስማማም። ዌስትማሌ ዱበልን የመሰሉ የቤልጂግ ቡናማ ቢራዎችም ይጣፍጣሉ፤ ሆኖም 7 በመቶ ስለሆኑና ጋዛቸው ስለሚበዛ አልጫ ለሚበላ እንጂ በርበሬ ለሚያበዛ አልመክራቸውም።

ከዚህ በላይ ግን ሰው የማያስበው ችግር አለ። የቢራና የምግብ ማጣመሪያ ምክሮች አብዛኞቹ የተጻፉት አንድ ሳህን ተነስቶ ሌላው ለሚቀርብበት ገበታ ነው። የእኛ ገበታ እንደዚያ አይደለም። ሁሉም ነገር አንድ ትሪ ላይ ይወጣል። እንግዳዎ አንዴ ከዶሮው፣ አንዴ ከጎመኑ፣ አንዴ ከክትፎው ይጎርሳል። መሃል ላይ ጉርሻ ይመጣል፤ ምን እንዳለበት ሳያውቅ አፉን ይከፍታል። «ለዚህ ምግብ ይህ ቢራ» የሚለው ዝርዝር እዚህ ትሪ ላይ ዋጋ የለውም። በእያንዳንዱ ሰው ፊት አራት ብርጭቆ ደርድረው በየጉርሻው ይቀያይሩ ቢሏቸው ከመብላት ይልቅ ፈተና ላይ የተቀመጡ ይመስላቸዋል።

ስለዚህ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። ቅምሻውንና እራቱን ይለያዩአቸው። ቅምሻው ከምግብ በፊት ይሁን፤ ትንንሽ መጠን፣ ትንንሽ ቁርስ። እራቱ ሲቀርብ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ቢራ ብቻ ይኑር፦ ለቀይ ቀዩ ቡናማው ላገር፣ ለአልጫው፣ ለጾሙና ለክትፎው የስንዴ ቢራ። ሰው የፈለገውን ይዞ ይቀጥላል። ሁለቱም ከትሪው ላይ ከየትኛውም ምግብ ጋር ክፉኛ አይጋጩም፤ ለሐበሻ ገበታ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የስንዴ ቢራ ያልኩት ሁለት ዓይነት ነው። የጀርመኑ ቫይስቢር የቅርንፉድና የሙዝ ሽታ አለው። ማንም ቅርንፉድ አልጨመረበትም፤ እርሾው ራሱ የሚያወጣው ነው። የቤልጂጉ ዊት ደግሞ በእርግጥም ቅመም ይገባበታል፤ ድንብላልና የብርቱካን ልጣጭ። ከሜይን ግዛት የሚመጣው አላጋሽ ዋይት (5.2 በመቶ) የዚህ ዓይነት ነው፤ በየሱፐርማርኬቱ ይገኛል። ከክትፎ ጋር የጀርመኑን እመርጣለሁ። ኮረሪማና ኮሰረት የገባበት ቅቤ አፍ ላይ ይለጠፋል፤ የስንዴ ቢራ ጋዝ ያንን ቅባት ያነሳዋል፤ የቅርንፉዱ ሽታም ከኮረሪማው ጋር የተዛመደ ይመስላል። ጋዝ ቃጠሎን ያከርራል ብዬ ነበር፤ እውነት ነው። ሚጥሚጣውን ቀለል ያድርጉት፣ አይቡን ያብዙት።

ክትፎ ካነሳን አይቀር፦ ጥሬ ወይም ለብ ለብ ሥጋ የሚበሉ እንግዶች «አልኮሉ ይገድለዋል» ብለው እንዳይዘናጉ። ቢራ ሆድ ውስጥ ገብቶ ኮሶም ሆነ ባክቴሪያ አይገድልም። አረቄም አይገድልም። ሥጋው ከታመነበት ቦታ ይምጣ፤ የተረጋገጠው መከላከያ ግን በደንብ ማብሰል ነው።

ለበያይነቱ የቤልጂጉ ዊት ይሻላል። ከአልጫ ክክ፣ ከጎመንና ከድንች ጋር ድንብላሉ ጥሩ ይስማማል። የገዙት ጎዜም ቅምሻው ላይ ከእነዚህ ጋር ቦታ አለው። ጎዜ ከጀርመን የመጣ ኮምጠጥ ያለ የስንዴ ቢራ ነው፤ ጨውና ድንብላል ይገባበታል፤ ላይፕዚግ ከተማ በእሱ ትታወቃለች። እንጀራ ራሱ ኮምጣጣ ነው። ከኮምጣጣ ምግብ ጋር ቅንጣት ጎምዛዛነት የሌለው ቢራ ሲጠጡ ቢራው ሙት፣ ውሃ ውሃ የሚል ይሆናል። ጎዜ ግን ከእንጀራው ጋር እኩል ይራመዳል። ከዓሣ ጥብስና ከሰላጣም ጋር ሸጋ ነው። ገደቡ በርበሬ ነው። አሲድ የተቆጣ አፍን ይለበልባል፤ ስለዚህ ከምስር ወጥና ከአዋዜ ይራቅ። ላምቢክና ግዝ የሚባሉት የብራስልስ አካባቢ ኃይለኛ ኮምጣጣ ቢራዎች ደግሞ ጭራሽ ከቀይ ወጥ ጋር አይሞከሩም።

አይፒኤው ይጣል? አይጣልም። ቦታው ቅምሻው ላይ፣ ከጥብስ ጋር ነው፤ ያውም ከደረቅ ጥብስ ጋር። የጥብስ ቅጠልን በጣትዎ አሸት አድርገው ያሽትቱት፤ ከዚያ አይፒኤውን ያሽትቱ። የጽድ ዓይነት ሽታ ሁለቱም ላይ አለ። ፓይኒን የሚባለው ጽድ ጽድ የሚሸት ውህድ በጥብስ ቅጠልም በሆፕም ውስጥ ይገኛል። መራራነቱ የሥጋውን ስብ ይቆርጠዋል፤ ጥቁር ጥቁር ያለው የተጠበሰው ጠርዝም ይወደዋል። ቃሪያውን ግን ያውጡት፤ አዋዜውም ለብቻው በጎን ይቅረብ። ጥብስ ካልፈለጉ ያረጀ ቼዳር አይብ ቆርጠው ከቅምሻው ጋር ያቅርቡ፤ እሱም የታወቀ ጥምረት ነው።

ስለዚያ አይፒኤ አንድ ጥርጣሬ አለኝ። በቅናሽ ያገኙት ከሆነ የጣሳውን ሥር ይመልከቱ። አብዛኞቹ ጠማቂዎች የታሸገበትን ቀን ያትማሉ። አይፒኤ ሲያረጅ መጀመሪያ የሚጠፋው መልካም ሽታው ነው፤ የብርቱካን፣ የማንጎ፣ የጽድ ሽታው ይሄዳል። መራራነቱ ግን ይቀራል፤ ሻካራ ሆኖ። ከዚያም እርጥብ ካርቶን የመሰለ ሽታ ይመጣል። «እሬት እሬት አለኝ» ያሉት በከፊል ይህ ሊሆን ይችላል። ከታሸገ ሦስት ወር ያለፈውንና ፍሪጅ ውስጥ ያልቆየውን አይፒኤ በግማሽ ዋጋም አልገዛም። ጠርሙስ ከሆነ ደግሞ አረንጓዴውንና ነጩን ይጠንቀቁ፤ ብርሃን ሆፑን ነክቶት ስከንክ የሚባለውን እንስሳ ሽታ ይፈጥራል። ቡናማ ጠርሙስ የተሻለ ይከላከላል፤ ጣሳ ደግሞ ጨርሶ ብርሃን አያስገባም።

ወደ ስታውቱ ልሂድ። ብዙ ሰው ጥቁር ቢራ ሁሉ ጠንካራና ከባድ ይመስለዋል። ጥቁረቱ ከተቆላ ገብስ የሚመጣ ቀለም ነው፤ ስለ አልኮሉ ምንም አይነግርዎትም። የታወቀው ጥቁር የጊነስ ድራፍት 4.2 በመቶ ነው። ወርቃማው ዱቬል 8.5 በመቶ ነው። የእርስዎ ግን እውነተኛ ከባድ ነው፤ 11 በመቶ። በአሜሪካ ልክ የሆነች አንዷ ጣሳ፣ 355 ሚሊ ሊትር፣ ከሁለት ተራ ቢራ በላይ አልኮል ይዛለች። ከወጥ ጋር አፍ ታቃጥላለች፤ ከክትፎ ጋር ሆድ ትሞላለች። ይህችን ለምረቃው ኬክ ያስቀምጧት። በተለይ ኬኩ ቸኮሌት ከሆነ ይስማማሉ፤ የተቆላ ገብሱ የቡናና የቸኮሌት ጣዕም አለው፤ ጣፋጭነቷም ኬኩን ይችለዋል። ከጣፋጭ ጋር የሚጠጣ ቢራ ቢያንስ የጣፋጩን ያህል መጣፈጥ አለበት፤ አለዚያ ቀጭንና ጎምዛዛ ሆኖ ይታያል። ለአንድ ሰው 60 ሚሊ ሊትር ይበቃል።

አንድ ቢራ ልጨምርልዎ፤ የግድ አይደለም። ባምበርግ በምትባል የጀርመን ከተማ ብቅሉን በእንጨት እሳት አድርቀው የሚጠምቁት የጭስ ቢራ አለ። ሽሌንከርላ ሜርትሰን (5.1 በመቶ) ከሁሉ የታወቀው ነው። ጠላ ያልጠጣ ፈረንጅ መጀመሪያ ሲቀምሰው ፊቱን ያጨማድዳል፤ የተጨሰ ሥጋ ሥጋ ይላል። በወይራ የታጠነ ጋን የሚያውቅ ሰው ግን አይደነግጥም። ቅምሻው ላይ ትልልቅ ሰዎች ካሉ ይህንን ያቅምሷቸውና የሚሉትን ያዳምጡ። ከቋንጣ ፍርፍርና ከዝልዝል ጋር ወደር የለውም።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ «ይህን ሁሉ ከየት እናምጣ» እንዳትሉ፦ የራሱን ቢራ የሚጠምቀው ቢር ጋርደን ኢን በሚታወቅባቸው ቢራዎች፣ በኢቦኒና በብሎንዲ፣ ይህንኑ መሞከር ይቻላል፤ ጥቁሩ ለቀይ ወጥ፣ ነጩ ለአልጫው።

አሁን የመትፋቱ ነገር። አይተፋም። የቢራ ዳኞችም ይውጣሉ፤ ትንሽ ትንሽ። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ «መራራነት የሚታወቀው በምላስ ጫፍ ሳይሆን በምላስ ሥር ስለሆነ» ተብሎ ይነገራል። ያ የምላስ ካርታ ስህተት ነው፤ መራራነት በመላው ምላስ ይታወቃል። እውነተኛው ምክንያት ሽታ ነው። ቢራ ሲዋጥ ትንፋሽ ከጉሮሮ ወደ አፍንጫ ሽታውን ይዞ ይወጣል፤ ጣዕም የምንለው አብዛኛው እዚያ ላይ ነው ያለው። የሆፑ መራራነትም ሙሉ ሆኖ የሚታወቀው ከተዋጠ በኋላ ነው። ከተፉት ግማሹ ያመልጥዎታል።

መጠኑ ለአንድ ሰው 75 ሚሊ ሊትር ይሁን። ለአሥራ ሁለት ሰው ከእያንዳንዱ ዓይነት ሦስት ጣሳ ይበቃል፤ ትንሽም ይተርፋል። ቅደም ተከተሉ ከቀላል ወደ ከባድ ነው፦ የስንዴው ቢራ፣ ጎዜው፣ ቡናማው ላገር፣ መጨረሻ ላይ አይፒኤው። አይፒኤውን ቀድመው ከከፈቱ ከእሱ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ውሃ ይመስላል። ቢራውን ከፍሪጅ ካወጡ በኋላ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ይቆይ። በጣም ሲቀዘቅዝ ሽታው ይታሰራል፤ ምላስም ይደነዝዛል። ለላገርና ለስንዴ ቢራ ከ5 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጥሩ ነው፤ ስታውቱ እስከ 12 ሊደርስ ይችላል። ጃምቦ አይሆንም፤ ትንሽ የወይን ብርጭቆ ይሻላል። ለጌጥ ብለው ብርሌ እንዳያወጡ፤ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ አፍንጫ አያስጠጋም። ብርጭቆው ላይ ሳሙናም ቅባትም አይቅር፤ አረፋን የሚገድለው ይህ ነው። እራት ላይ ደግሞ የክትፎ ቅቤ የነካው ከንፈር አረፋውን በአንድ ጉንጭ ያጠፋዋል። ሰዎች «ቢራው ሞቷል» ሲሉ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የከንፈራቸው ነው። ሶፍት በብዛት ያስቀምጡ።

አቀማመሱ ቀላል ነው። ሲቀዱ መሃሉ ላይ አድርገው አረፋ ያስነሱ። ወዲያው ያሽትቱ፤ መጀመሪያ የሚወጣው ሽታ ቶሎ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ይጎንጩና ትንሽ ይጠብቁ። ከዚያ ከምግቡ ይቅመሱ፣ ያላምጡ፣ ይዋጡ፤ ጣዕሙ አፍ ውስጥ ሳለ እንደገና ይጎንጩ። የሚጠየቀው ጥያቄ «ጣፈጠኝ ወይ?» ብቻ አይደለም። ምን ጎላ? ምን ጠፋ? ቅድም ያልነበረ ምን መጣ? ቡናማው ላገር ከዶሮ ወጥ በኋላ ሲጠጣ ሽንኩርቱ ይጎላል፤ አይፒኤው ሲጠጣ ሽንኩርቱ ይጠፋና ቃጠሎው ይቀራል። ቅምሻው ላይ አንድ ማንኪያ የዶሮ ወጥ ስልስ በትንሽ ሳህን ለየሰዉ ያቅርቡና ሁለቱን አከታትለው ያሳዩዋቸው፤ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። ሲያሳዩ ግን ላገሩን ያስቀድሙ፤ አይፒኤውንም ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ።

በመሃል አፍ ማጽጃ ውሃና ምንም ቅመም የሌለው ዳቦ ይኑር። እንጀራ አይሆንም፤ ኮምጣጣ ስለሆነ ቀጣዩን ቢራ ያዛባዋል። ጥቁር አዝሙድ ያለበት ድፎ ዳቦም እንዲሁ። ዕጣኑንና ቡናውን ከእራት በኋላ ያድርጉት። ዕጣን በሚጨስበት ክፍል ውስጥ ቢራ ማሽተት ከንቱ ድካም ነው። እናትዎ ቀድመው ቡናውን ልቁላው ካሉ ደግሞ ቅምሻውን ወደ በረንዳ ያውጡት፤ ከእናት ጋር ክርክር አይጀመርም። በእጅ መብላት ከተጀመረ በኋላ ብርጭቆውን በግራ እጅ መያዝ ይሻላል። በቀኙ ከያዙት ቢራውን ሊያሸቱ ሲሞክሩ የሚመጣው የቀኝ እጅዎ በርበሬ ነው።

ጥንቃቄዎቹን በአጭሩ። የተመራቂው ጓደኞች ሲመጡ ዕድሜያቸውን ይጠይቁ፤ አሜሪካ ውስጥ 21 ዓመት ያልሞላው ሰው አይቀዳለትም፣ ምረቃም ቢሆን። አራቱ ቅምሻዎች አንድ ላይ አንድ መደበኛ መጠጥ ያህል፣ ማለትም 13 ግራም ገደማ ንጹህ አልኮል ይሆናሉ። እራት ላይ አንድ ሁለት ሲጨመር፣ ኬክ ላይ ስታውቱ ሲመጣ፣ መኪና ይዞ የሚሄድ ሰው መንዳት የለበትም። ማን እንደሚነዳ ሰው ከመቀመጡ በፊት ይወሰን። የጨጓራ ሕመም ያለበት ሰው በርበሬና አልኮልን ባያጣምር ይሻለዋል። ነፍሰ ጡር አትጠጣ። መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ በተለይ ሜትሮኒዳዞል ላይ ያለ፣ ፋርማሲስቱን ሳይጠይቅ አይቅመስ።

የማይጠጡ እንግዶችዎን ደግሞ ለስላሳ ብቻ ሰጥተው ጥግ አያስቀምጧቸው። አልኮል የሌለው ቢራ አሁን በዓይነት በዓይነቱ አለ፤ ከስንዴው ወይም ከቡናማው ይምረጡ፤ አልኮል አልባ አይፒኤም ከበርበሬ ጋር ያው መራራ ነው። ጣሳው ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። «አልኮል አልባ» የሚባለው እስከ 0.5 በመቶ ሊይዝ ይችላል፤ በሃይማኖት ምክንያት ጨርሶ ለማይነካ ሰው 0.0 የሚለውን ይፈልጉለት። ወይም ብርዝ ይበጥብጡ። ያልፈላ ማርና ውሃ ነው፤ መራራነት የለውም፣ ጋዝ የለውም፣ አልኮል የለውም። ከዶሮ ወጥ ጋር እንዲያውም ከቢራዎቹ ሁሉ ይሻላል።